ተዝካሩ የተበላለት አባቴ

እርጥብ ቆዳ ሸተተኝ። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ በገበያ ቀን የእርሻ ዕቃ በሚሸጥበት ጥግ ማለፍ አለብኝ፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ውሃ ውስጥ ያሳደሩትን የበሬ ቆዳ በስለት እየሰነጠቁ ምራን ያወጣሉ፣ ቀንበርን ከሞፈር የሚያስረውን ጠፍር ማለቴ ነው። ሽታው ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፤ እኔን ግን እግሬን አስሮ ያቆመኝና ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደምትርቀው የታች ጋይንት መንደራችን፣ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ይመልሰኛል፤ አባቴ ከደጃፋችን ግንድ ላይ ተቀምጦ፣ ጠፍሩን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ለማይጠመድ በሬ ምራን ሲያለሰልስ አየዋለሁ። በዚያ በጋ አባቴ ከሙታን ተቆጥሮ ነበርና በሬውን ከእሱ በሬ ጋር የሚያቀናጅ ሰው በመንደሩ አልተገኘም ነበር።

«ጣረ ሞት» ነበር የሚሉት። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ቃሉን ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ እንደ ደንቡ እነግራቸዋለሁ። ጣር የበሽተኛ የመጨረሻ ትግል ነው፤ «ጣር ላይ ነው» ሲባል ዘመድ ይሰበሰባል። ጣረ ሞት ደግሞ ሞቶ ያልሄደው፣ ተቀብሮ የሚታየው፣ የሰው መልክ ይዞ ሰው ያልሆነው ነው። እኛ አገር ከዚህም ሌላ ብዙ ሥራ ነበረው። ልጅ አመድ ላይ ተንከባሎ ሲመጣ «ምነው ጣረ ሞት መሰልክ» ይባላል፤ ከንዳድ የተነሣ ሰው ፊቱ ሲገረጣ ይባላል፤ ከኋላ መጥቶ ያስደነገጠ ሰው ይባላል፤ ምራት በአማቷ ስትማረር ትለዋለች። መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ሊዘረዝር ይችላል። ቃሉ አንድን ጤነኛ ሰው ከእርሻው፣ ከሰላምታውና ከስሙ አውጥቶ ሊያስቀምጠው እንደሚችል ግን አይጽፍም፤ ያን የማውቀው እኔ ነኝ፣ የማውቀውም በአባቴ ነው።

አባቴ ደሴ ይባላል። ቁመተ ረጅም፣ ነገረ ቀላል፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲሰማ «ደሴ መጣ» የሚባልለት ሰው ነበር። እናቴ ትርንጎ ደግሞ አጭር፣ ቁጡ፣ ከማንም ጋር ተከራክራ የማትረታ ነበረች፤ ጎረቤቱ «ትርንጎ ቤት እሳት ሊጭሩ ከመሄድ ብርድ መሞቅ ይሻላል» እያለ ይቀልድባት ነበር። እኔ ማንጠግቦሽ የበኩር ልጃቸው ነኝ፤ ከእኔ በታች ጡት ያልተወ ወንድም ነበረኝ። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ከገደል አፋፍ ላይ የተለጠፈች የገብስና የምስር ማሳ ነበረችን፤ ከዓመት ዓመት ታደርሰን ነበር። የዚያን ዓመት ግን ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረና አባቴ እንደ ብዙው የጋይንትና የስማዳ ሰው በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በትሩን ይዞ፣ «ለገና ከች እላለሁ» ብሎን ሄደ።

በኅዳር መጨረሻ አብረውት ከወረዱት መካከል ሁለት ሰዎች ተመለሱ፤ ጋቢውንና በትሩን ይዘው ነበር። ወባ ገደለው፣ እዚያው ከእርሻው ዳር ተቀበረ አሉ። ፊቱን አይታችኋል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ጋቢው መጥቷል፣ በትሩ መጥቷል፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል። መርዶው በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ተነገረን። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ነጠላዋን ጥቁር አስነከረች፤ አስከሬን ስላልነበረ ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተው፣ በትሩን በላዩ አጋድመው አለቀሱለት። የነፍስ አባታችን ቄስ አዱኛ ፍትሐቱን ፈቱለት። ከዚያ ተዝካሩ መጣ። እናቴ «ደሴ ሰው ሲያበላ የኖረ ሰው ነው፣ በሽሮ አልሸኘውም» ብላ ከሁለቱ በሬዎች ግንባረ ነጩን፣ ቦራውን፣ አሳረደች፤ ሰው ከስማዳ ማዶ ሳይቀር መጥቶ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። እኔም በላሁ። ሥጋ እስኪሰለቸኝ የበላሁት በልጅነቴ ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም፣ ልጅ ነበርኩ፣ ሥጋውም ጥሩ ነበር።

መጋቢት ገባ፣ ጾሙ ተጋመሰ። አንድ ዓርብ ከእናቴ ጋር ምስር ልንሸጥ አርብ ገበያ ሄድን። ቀትር ላይ፣ ገበያው ሲደራ፣ አህያ ከሚታሰርበት በኩል አንድ ሰው መጣ። ራሱ የተላጨ፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ቅል የነጣ፣ ጉንጩ የገባ፣ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አዲስ አቡጀዲ የተጠቀለለ ነበር፤ እኛ አገር ደግሞ ሰው እንዲያ ሆኖ አዲስ አቡጀዲ የሚጠቀለለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማንም ልብ አላለውም። ሰው ጨው ይመርጣል፣ የበርበሬ ዋጋ ይከራከራል፣ እሱ በመካከላቸው ቀስ እያለ የሴቶቹን ፊት እያየ ያልፋል። እኔ ግን ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ወርወር እያደረገ ሲራመድ አየሁት። ከምስሩ ቁና አጠገብ ብድግ ብዬ፣ እስትንፋስ እስኪያጥረኝ ጮኽኩ፤

«ጣረ ሞት! ጣረ ሞት!»

ገበያ ሲፈታ ያየ ያውቀዋል። ቃሉን ከእኔ አንዷ ተቀበለች፣ ከእሷ አሥር ሰው ተቀበለ፤ ባለ ጨው ጨውን ጥሎ ሮጠ፣ አህያ ጭነቷን ጣለች፣ ሽማግሌዎች እያማተቡ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በዚያ ሁሉ ግርግር ማን እንደጀመረው ያወቀ አልነበረም። የጀመርኩት ግን እኔ ነበርኩ፣ የገዛ ልጁ፤ ይህን ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ኖርኩ።

እናቴ አልሸሸችም። ጥቁር ነጠላዋን ወደ ኋላ ወርውራ፣ ያን ገና ለጣት የማይያዝ ፀጉሯን ገልጣ፣ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። አንጋጣ አየችው። ከዚያ በመዳፏ ሙሉ አጮለችው።

«ሰማችሁ?» ብላ ወደ ሸሸው ሕዝብ ዞረች። «የመታሁት ጉንጭ ነው፣ ጭስ አይደለም! ኑና ዳብሱት!»

የመጣ አልነበረም። አባቴ ጉንጩን ይዞ፣ ከውስጥ በሚወጣ የደከመ ድምፅ፣ «ቀስ በይ እንጂ ትርንጎ፣ ከወባ የተረፍሁትን አንች ልትገድይኝ ነው?» አላት። ያን ጊዜ ነው እናቴ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀች ደረቱ ላይ የተደፋችው። እኔ ከምስሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ ሲፍታታ ቀላል ነበር። አባቴ እዚያ ቆላ አብሮት ያጭድ የነበረ፣ አገሩን እንኳ በደንብ የማያውቀው አንድ ወጣት ንዳድ ሲያንቀጠቅጠው አይቶ ጋቢውን አልብሶት፣ በትሩንም እንዲደገፍበት ትቶለት ነበር። ወጣቱ በዚያ ጋቢ ውስጥ ሞተ። ሁለቱ ሰዎች ከሌላ ማሳ ሲደርሱ ተሸፋፍኖ የተኛ ሰው፣ የደሴን ጋቢና የደሴን በትር አዩ፤ አልቅሰው፣ ቀብረው፣ ዕቃውን አምጥተው ነበር። አባቴ ራሱ በዚያው ሳምንት ታሞ በጭነት መኪና ሐኪም ቤት ተወስዶ ነበር፤ ሁለት ወር ተኛ፣ ሲነሣ ደግሞ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ እዚያው ጉልበቱን እየሸጠ ቆየ። የለበሰው አልቆበት ስለነበር አንድ የቆላ ነጋዴ ለነፍሱ ብሎ አቡጀዲውን ሰጠው። በመንደራችን ያኔ ስልክ የሚባል አልነበረም፤ ወሬ ሁሉ በሰው እግር ነበር የሚመጣው፣ ወሬ ደግሞ እግሩ ፈጣን ቢሆንም ዓይኑ ደካማ ነው።

ተርፎ ከመጣማ እልል ይባላል ብሎ የሚያስብ ሰው የእኛን አገር አያውቅም። እርግጥ የመጀመሪያውን ቀን እልል ያሉ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ግን እጁን ጨብጦ የሳመው የአንዱ ጎረቤታችን በቅሎ ገደል ገባች። በቅሎዋ ድሮም በአንድ ዓይኗ የማታይ ነበረች፤ ይህን የሚያነሣ ግን አልነበረም። «ሙት ከብት ይጠራል» ተባለ። «ፍትሐት የተፈታለት፣ ተዝካሩ የተበላለት ሰው እንዴት ተመልሶ በሬ ይጠምዳል?» ተባለ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እናቴ ስታለቅስ አብረው ያለቀሱ፣ ወንድሜን ያዘሉ ሰዎች ነበሩ። አባቴን በመንገድ ሲያገኙት ከሩቅ እጅ ነሥተው፣ አማትበው፣ ዞረው ያልፉ ነበር። ሙትን በስሙ የጠራ ይከተለዋል ይባላልና ስሙን መጥራት ቀረ፤ ፊት ለፊቱ «አንተ ሰው»፣ ለእናቴ «ሰውየሽ»፣ ዞር ሲል ደግሞ «ጣረ ሞት» ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ መጀመሪያ ላይ ምንም አልሰማም ነበር።

የሰማው በበሬው በኩል ነው። አንድ በሬ አያርስም። ባለ አንድ በሬ ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዱና አንድ ቀን ለአንተ፣ አንድ ቀን ለእኔ እየተባለ ይታረሳል፤ ይህ መቀናጆ የማያውቀው ቤት በአገራችን የለም። ቦራው ቢኖር ኖሮ የማንንም ፊት አናይም ነበር፤ ቦራውን ግን በልተነዋል። የቀረው ቀዩ ብቻ ነበር። ከድንበራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን አያ ስማቸው፣ «ገብሬ» ብለው የሚጠሩት አንድ በሬ ነበራቸውና አባቴ እኔን አስከትሎ ሄደ።

«አያ ስማቸው፣ የኔ ቀይና የእርስዎ ገብሬ ቁመታቸው ልክ ለልክ ነው፤ እንቀናጅ» አላቸው።

አያ ስማቸው ከአጥራቸው ወዲያ ሆነው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «በሬየን እግሩን ያመዋል» አሉ።

«ትናንት ከወይፈን ጋር ሲዋጋ አይቸው አልነበር?»

«ዛሬ ጧት ነው ያመመው።»

ከዚያ የሌላው በሬ ትከሻው ቆሰለ፣ የሌላው ለዘመድ ተሰጠ፣ የሌላው ባለቤት ሚስቱ ተወው ብላው መሰለኝ ከቤት የለም ተባለ፤ ጋቢው ግን ከበሩ ስር ይታይ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንደሩ በሬ ሁሉ በሽተኛ ሆነ። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ «የራሴን በሬ በራሴ ተዝካር በልተውብኝ ሲያበቁ፣ የራሳቸውን ነፈጉኝ» እያለ ይስቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። «የጣረ ሞት ልጅ» ያለኝን ሁሉ ደበደብኩ፣ ብዙውን ጊዜም ተደብድቤ ገባሁ። ምንጭ ወርደን አንዷን በጉንጉኗ ይዤ «አባቴ ጥላ አለው! መጥተሽ እይ! በልቶ ያገሳል! ያንኮራፋል!» እያልኩ ስጮህ እንስራዬ ተሰብሮ እናቴ አልተቆጣችኝም ነበር። ማታ ግን ራሴን አውቅ ነበርና የመታሁትን ልጅ ሁሉ በራሴ ምትክ እንደመታሁት ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉን ከራሳቸው አላመጡትም፣ ከእኔ አፍ ነው የተቀበሉት።

ሚያዝያ አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። የሌላው ሰው ማሳ ተገምሶ፣ ተደግሞ ጥቁር ብሎ ሲታይ የእኛ ያምናው የገብስ ቆረን፣ ያጨዳው ትራፊ፣ እንደቆመበት ነበር። ማሳው ሰኔ ከመግባቱ በፊት ካልታረሰ አይዘራም፤ ካልተዘራ ደግሞ ቀዩም ይሸጣል፣ ላሚቱም ትሸጣለች፣ አባቴም እንደገና ወደዚያ ቆላ ይወርዳል፤ ይህን በየቀኑ በምሳችን ላይ እንሰማው ነበር። እሱ ግን ከዚህም የከፋ ነገር ይዞት ነበር። ከቤት መውጣት ተወ። ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ሕዝቡ ከገባ በኋላ ሄዶ፣ ከቅጥሩ ውጭ ተሳልሞ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን እህል ስንለቅም ከማዕዘኑ ሆኖ ድንገት፤

«ትርንጎ፣ እውነት ሞቸ ይሆን እንዴ?» አለ።

ሳይቀልድ ነው። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሞተህ ቢሆን የዛሬን ጎመን ለብቻህ አትጨርሰውም ነበር» አለችው፣ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ቆይታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ተከትያት ስሄድ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ስታለቅስ አየኋት። እኔን ስታይ ዓይኗን ጠርጋ «ቆይ!» አለች፤ ለእኔ አልነበረም፣ ለአገሩ ነበር።

የግንቦት ሚካኤል ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አጥቢያችን ሚካኤል ነው፤ በወር በወሩ በአሥራ ሁለት ማንም ቀንበር አያነሣም። በሚካኤል መሬት የቆረጠ ሰው በረዶ ይጠራል፣ በረዶው ደግሞ የአጥፊውን ማሳ ለይቶ አይመታም፣ የሁሉንም ይመታል፤ ስለዚህ በዓል የሻረ ሰው ከተገኘ አገሩ በሙሉ ወጥቶ ያስጥለዋል፣ ሽማግሌም ይቀጣዋል። እናቴ የዋዜማውን ዕለት እራት አቅርባ እንደ ተራ ነገር፣

«ነገ ጠምደህ ትወጣለህ» አለችው።

«ነገ እኮ ሚካኤል ነው!»

«ለሙት ምን በዓል አለበት? ሙት ነህ ካሉህ እንግዲህ እንደ ሙት ያድርጉህ።»

«ከማን በሬ ጋር ነው የምጠምደው?»

«ከላሚቱ ጋር።»

ላም መጥመድ እኛ አገር ትልቅ ነውር ነው፤ ላም የጠመደ ቤት ሰባት ዓመት ይሰደባል። አባቴ ይህን ሊናገር አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው፣ «ለሙት ነውርም የለበትም» አለች። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት፤ አባቴ ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት።

በማግስቱ ቅዳሴው ሊወጣ ሲል ወጣን። ማሳችን ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በታች ናት፤ ከደጀ ሰላሙ የወጣ ሰው ሁሉ ቁልቁል ያያታል። አባቴ ቀዩን በስተቀኝ፣ ላሚቱን በስተግራ ጠምዶ፣ እርፉን ጨብጦ ከማሳው ራስ ላይ ቆመ። ላሚቱ ግራ ገብቷት ዞር ዞር እያለች ታየዋለች። እናቴ ያን ቀን ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወንድሜን አዝላ ከድንበሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ከአጠገቧ ነበርኩ። ሰማዩ ደግሞ በግንቦት እንደሚያደርገው ከስማዳ በኩል ጠቁሮ ነበር።

መጀመሪያ የአንዲት ሴት ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በሙሉ ቁልቁል ፈሰሰ። ከፊት የነበሩት አያ ስማቸው ናቸው፤ ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር ኩታ ገጠም ነውና በረዶው ከወረደ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። መቋሚያቸውን እያወናጨፉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ ይጮኹ ነበር፤

«ደሴ! ኧረ ደሴ! ኧረ በሚካኤል ይዠሃለሁ፣ ደሴ አቁም!»

አባቴ ሊነዳቸው ያነሣውን ጅራፍ አወረደ። እርፉን ሳይለቅ ቀና ብሎ «ማንን ነው የሚጠሩት አያ ስማቸው?» አላቸው።

«አንተን ነዋ!»

«እኔ ማነኝ?»

«ደሴ ነህ እንጂ ሌላ ማን ልትሆን!»

«ደሴማ ሞቷል» አለች እናቴ ከድንበሩ ላይ። ድምፅዋ እስከ ደጀ ሰላሙ ይሰማ ነበር። «ሁላችሁም ተዝካሩን በልታችሁ ነፍስ ይማር ብላችኋል። ይህ የምታዩት ጣረ ሞት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ስትሉት ሰምቻለሁ። ጣረ ሞት በዓልም የለበት፣ ቅጣትም የለበት፤ ተውት ይረስ! የለም፣ ሰው ነው የምትሉ ከሆነ ደግሞ በስሙ ጠርታችሁ እንደ ሰው ቅጡት!»

ከሕዝቡ ወደ ሰማዩ የሚያይ አለ፣ ወደ ላሚቱ የሚያይ አለ። ቄስ አዱኛ መስቀላቸውን እንደያዙ በመካከል አልፈው መጡ፤ እናቴ ወርዳ መስቀሉን ተሳለመችና፣

«አባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ሙት በዓል ይሽራል?» አለቻቸው።

«ሙትማ በዓል አይሽርም።»

«እንግዲያው ይህ ሰው ዛሬ ቢያርስ ጥፋት አለበት ወይስ የለበትም?»

ቄስ አዱኛ ወደ አባቴ ዞሩ። ፍትሐቱን የፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ሕዝቡም የፈራው ያን ፍትሐት እንደሆነ ያውቃሉ። አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ከዚያ ለእናቴ ሳይሆን ለሕዝቡ፣

«ጥፋት አለበት። በሕይወት ያለ ሰው ነውና ጥፋት አለበት» አሉ።

«ስሙን ይጥሩልኝ አባ።»

«ደሴ ጥፋት አለበት!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያው ይቀጣ!» ብለው ጮኹ። አባቴ ያን ጊዜ እርፉን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ ለሁሉም አሳየ። ጫፉ ባዶ እንጨት ነበር። «ማረሻው እቤት ነው ያለው አባ። አንድ ስንዝር መሬት አልቆረጥሁም። እኔ ሚካኤልን የምሽር ሰው ነኝ እንዴ?» አለ። እናቴ ወደ እኔ እያመለከተች «ብረቱን ልጄ ከጎታው ስር ሸሽጋዋለች፣ ጠይቋት» አለች። ከሴቶቹ መካከል አንዷ መጀመሪያ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥላ ሌላዋ፤ ቀስ በቀስ ሳቁ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ። አያ ስማቸው ብቻ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር።

ቄስ አዱኛ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው አባቴን በመስቀላቸው ባረኩት። «ፍትሐቴስ አባ?» ሲላቸው፣ «የተጸለየ ጸሎት አይባክንም፤ ቀንህ እስኪደርስ ይጠብቅሃል፣ አንተ ብቻ አትቸኩል» አሉት። በነጋታው ጧት ፀሐይ ሳይሞቅ አያ ስማቸው ገብሬን እየነዱ ከደጃፋችን መጡ፤

«እግሩ ተሻለው» አሉ።

«እኔም ተሽሎኛል» አላቸው አባቴ፤ ቀንበሩን ከግድግዳው አውርዶ አብረው ሄዱ።

ዘግይተን ዘራን፤ የዚያ ዓመት ገብስ ከጎረቤቱ ያነሰ ነበር፣ ግን ደረሰልን። ላሚቱም አልተሸጠች፣ አባቴም ዳግመኛ ቆላ አልወረደም። እናቴ ግን ይቅር ለማለት ጊዜ ወሰደባት፤ አንድ ዓመት ሙሉ የማንንም ተዝካር አልበላችም፣ ሲጠሯት «መሞቱን በዓይኔ ካላየሁ አልበላም» ትል ነበር፤ ሰው ይስቅ ነበር፣ እሷ ግን የምሯን ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ የተሰደብኩበትን ቀን አላስታውስም።

ዛሬ ያቺ መንደር ስልክ ገብቶላታል። ያለፈው ዓመት ከመንደራችን አንድ ልጅ ሞተ ተብሎ ፌስቡክ ላይ ፎቶው በሻማ ተከቦ ተለጠፈ፤ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳይጨርስ ባለ ፎቶው ራሱ «ምን ሆናችኋል?» ብሎ ጻፈ፣ በዚያው አለቀ። ለቃሉ ግን ስልክ መድኃኒት አልሆነለትም። እዚህ መካነ ኢየሱስ የጎረቤቴ ልጅ ከአረብ አገር ከስታ፣ ፀጉሯ ረግፎ ስትመለስ የሰፈሩ ሴቶች በበሯ ሲያልፉ ያንኑ ቃል ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። የማላውቀው ጉልበት መጥቶብኝ መንገዱ መሀል ቆሜ፣ በሙሉ ድምፄ በስሟ ጠራኋት፤ ወጣች፣ ተቃቅፈን ቆምን፤ የሚያየን ይየን ብዬ ቶሎ አልለቀቅኋትም።

አባቴ ባለፈው ክረምት ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ስለዚያች ልጅ ስነግረው ያ የቆየው ነገር ከውስጤ ገነፈለና፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ገበያ ላይ መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ሳትነግረኝ ኖርክ?»

«ምን ብየ? ከመኪና ወርጀ አርብ ገበያ እስክገባ ስንቱን የማውቀውን ሰው አለፍሁ፣ ያወቀኝ የለም። ገበያው ውስጥ ስንቱ በትከሻው ገፋኝ። የማያውቁትን ሰው እኮ ጣረ ሞት አይሉትም ማንጠግ፤ ምስኪን መንገደኛ ነው የሚሉት። አንች ስትጮሂ ነው አገሬ መግባቴን ያወቅሁት።»

ያኔ በዘጠኝ ዓመቴ ያን ጩኸት መልሼ መዋጥ ብችል ምኞቴ ነበር፤ ማን ጀመረው ሲባል አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን ግን ወሬው በተነሣ ቁጥር፣ ሰርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ሳልጠየቅ እነግራቸዋለሁ፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ።